ግንብ፣ ባሕርና ወይን፦ ስለ አኪቴን የተደረገ ምልልስ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው ኑቬል-አኪቴን የተባለው ክልል፣ በ2016 አኪቴን፣ ሊሙዛንና ፗቱ-ሻራንት ይባሉ የነበሩት ሦስት ክልሎች ተዋሕደው የመሠረቱት ሲሆን፣ 12 አውራጃዎችን አቅፎ 84,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሰፊ ምድር ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ምልልስ ይህን ክልል ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው ምን ማየት፣ ያየውንስ እንዴት መረዳት እንዳለበት አንድ የታሪክ መምህርና አንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ የሚነጋገሩበት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ተማሪዋ፦ መምህር፣ ስለዚህ ክልል የሚጻፉ የጉብኝት መጻሕፍት ግንቦቹን በአንድ ምዕራፍ፣ የባሕሩን ዳርቻ በሌላ፣ ወይን ጠጁን ደግሞ በሦስተኛ ምዕራፍ ለይተው ያቀርባሉ። ጊዜው ጠባብ የሆነበት ጎብኚ ከሦስቱ የትኛውን ቢያስቀድም ይሻለዋል?

መምህሩ፦ ክፍፍሉ ለመጽሐፍ ማውጫ ይመቻል፤ አገሩን ለመረዳት ግን አይበጅም፤ ምክንያቱም በዚህ ምድር ባሕሩ ለወይኑ መንገድ ሆኖለታል፣ ወይኑ ገንዘብ አምጥቷል፣ ገንዘቡም ግንብ አሠርቷል። ስለዚህ ጎብኚው ማስቀደም ያለበት ውሃውን ነው። ጋሮን ከፒሬኔ ተራሮች፣ ዶርዶኝ ደግሞ ከመካከለኛው የፈረንሳይ ደጋ ተነሥተው ከቦርዶ ከተማ በስተ ሰሜን ቤክ ዳምቤስ በተባለው ስፍራ ሲገናኙ፣ ሁለቱም ስማቸውን ትተው ዢሮንድ ይባላሉ። ዢሮንድ ወንዝ ነው ቢሉት ጨው አለበት፣ ባሕር ነው ቢሉት ከሁለት ወገን ዳርቻ አለው፤ የወንዞቹ ውሃና የአትላንቲክ ውሃ በባሕሩ ሙላትና ጉድለት በየዕለቱ የሚቀላቀሉበት፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና በምዕራብ አውሮፓ ተወዳዳሪ የሌለው ሰፊ የወንዝ አፍ ነው። ሙላቱ ወደ ላይ ሲገፋ መርከቡ ወደ ቦርዶ ይገባል፤ ጉድለቱ ሲጀምር በርሜል የጫነው መርከብ ወደ ውቅያኖስ ይወጣል። ቦርዶ ከውቅያኖሱ በወንዝ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሳለ የባሕር ወደብ ልትሆን የቻለችው በዚህ የውሃ እስትንፋስ ነው።

ተማሪዋ፦ እንዲህ ያለው ሰፊ አፍ፣ አሸዋውም በየጊዜው ቦታውን የሚለዋውጥ ከሆነ፣ ለመርከበኛ ወጥመድ አልነበረምን?

መምህሩ፦ ነበረ፤ ኮርዱዋን የተባለው የባሕር መብራት ማማ የተሠራውም ስለዚሁ ነው። ሉዊ ደ ፏ የተባለው መሐንዲስ በ1584 ጀምሮት፣ እርሱ ካረፈ በኋላ በ1611 የተጠናቀቀው ይህ ማማ፣ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የፈረንሳይ የባሕር መብራቶች ሁሉ በዕድሜ የቀደመ ነው። ከየብስ ርቆ በባሕሩ መካከል ቆሞ ሳለ በውስጡ ለንጉሡ የተሰናዳ ክፍልና የጸሎት ቤት አለው፤ ይህም የመንግሥትን ክብር ከውጭ ለሚመጣው መርከበኛ ከሩቅ ለማሳየት ታስቦ የተደረገ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከፍታው ተጨምሮበት ዛሬ 67 ሜትር ያህል ደርሷል። ኦጉስተን ፍሬኔል የተባለው የፊዚክስ ሊቅ፣ የመብራትን ጨረር ሰብስቦ ወደ ሩቅ የሚልከውንና በቀለበት በቀለበት የተቆረጠውን መስተዋት በ1823 ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ ያዋለው በዚሁ ማማ ነው። ጎብኚ ወደዚያ የሚደርሰው በጀልባ፣ ያውም የባሕሩን ጉድለት ሰዓት ጠብቆ ነው፤ የክልሉን ባሕርይ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ጉዞ የለም። ኮርዱዋን በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ተማሪዋ፦ ወይኑስ በባሕር መንገድ መሄድ የጀመረው መቼ ነው?

መምህሩ፦ የወይን ተክል ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በዚያ አገር ይታወቃል፤ ንግዱን ያገነነው ግን አንድ ጋብቻ ነው። የአኪቴን ወራሽ የነበረችው አሊየኖር ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሉዊ 7ኛ ጋር የነበራት ጋብቻ ከፈረሰ በኋላ በ1152 ሄንሪ ፕላንታጀነትን አገባች፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። በዚህ ምክንያት አኪቴን፣ ድንበሯ እየሰፋና እየጠበበ ቢሄድም፣ 300 ዓመት ያህል ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ተሳስራ ኖረች፤ ይህም እስራት የተቆረጠው በ1453 በካስቲዮን ጦርነት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የቦርዶ ወይን በየዓመቱ ወደ እንግሊዝ ወደቦች ይጫን ነበር። የንግዱን ስፋት ለመገመት አንድ ቃል ይበቃል፤ ዛሬ በአማርኛም የመርከብንና የእህልን ጭነት የምንለካበት «ቶን» የሚለው ስም የመጣው፣ መርከብ ስንት ትልቅ የወይን በርሜል እንደሚይዝ ይቆጠርበት ከነበረው መለኪያ ነው። በቦርዶ አንዱ ቶኖ እያንዳንዳቸው 225 ሊትር የሚይዙ አራት በርሜሎች፣ በጠቅላላው 900 ሊትር ነበር።

ተማሪዋ፦ ለሥነ ሕንፃ ተማሪ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በወይኑ ጠርሙስ ላይ ሁሉ «ሻቶ» የሚል ይጻፋል፤ በፈረንሳይኛ ሻቶ ግንብ ማለት ነው። በክልሉ ይህን ያህል ብዙ ግንብ አለን?

መምህሩ፦ ጥያቄሽ የነገሩን ሥር የሚነካ ነው። ሻቶ የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገር ያመለክታል። በመካከለኛው ዘመን ሻቶ ማለት ግንብ አጥርና የመጠበቂያ ማማ ያለው ምሽግ ነበር፤ መድፍ ምሽግን ከንቱ ካደረገ በኋላ መኳንንቱ ለምቾትና ለክብር ያሠሩት የመኖሪያ ሕንፃም በዚሁ ስም ተጠራ፤ በቦርዶ አካባቢ ደግሞ፣ ይልቁንም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ወይኑን የሚተክለው፣ የሚጠምቀውና የሚያሽገው እርሻ በሙሉ ሻቶ ተባለ። በሦስተኛው ትርጉም የሚጠራው ቤት አንዳንዴ እንደ ሻቶ ማርጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግሪክ ቤተ መቅደስ አምሳል የታነጸ ድንቅ ሕንፃ ነው፤ አንዳንዴ ግን ተራ የገበሬ ቤት ነው። ሻቶ ላቱር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ላቱር ማለት «ማማው» ሲሆን፣ ስሙ የመጣው እንግሊዝና ፈረንሳይ በተዋጉበት በመቶ ዓመቱ ጦርነት ዘመን የወንዙን አፍ ይጠብቅ ከነበረ የጦር ማማ ነው። ያ ማማ ዛሬ የለም፤ አሁን በግቢው ቆሞ የሚታየው ክብ ማማ ከዚያ በኋላ የተሠራ የርግብ ቤት ነው። የምሽጉ ዝና ወደ እርሻው፣ የእርሻው ዝና ደግሞ ወደ ጠርሙሱ እንዴት እንደ ተላለፈ በዚህ አንድ ግቢ መረዳት ይቻላል።

ተማሪዋ፦ ከእነዚህ ሁሉ ሻቶዎች አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ የወሰነው ማን ነው?

መምህሩ፦ የገበያው ደላሎች ናቸው። በ1855 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ፣ በናፖሊዮን 3ኛ ዘመን፣ የቦርዶ የወይን ደላሎች ለብዙ ዓመት በንግድ የሚያውቁትን ዋጋ መሠረት አድርገው በዢሮንድ ግራ ዳርቻ የሚገኘውን የሜዶክን ቀይ ወይኖች በአምስት ደረጃ ከፈሏቸው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ላፊት፣ ላቱርና ማርጎ፣ ከሜዶክ ውጭ ደግሞ ኦ-ብሪዮን ብቻ ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የተደረገው ለውጥ በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ከፍ ማለቱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከደላላው በፊት አፈሩ ፈርዷል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዢሮንድ ግራ ዳርቻ ወንዙ በረጅም ዘመን ያከማቸው ጠጠር ውሃ ስለማይቋጥርና የቀኑን ሙቀት ስለሚይዝ፣ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው የወይን ዓይነት ይስማማዋል፤ በቀኙ ዳርቻ ባለው ሸክላና የኖራ ድንጋይ ላይ ግን ፈጥኖ የሚደርሰው ሜርሎ ይበረታል። ከቦርዶ በስተ ደቡብ በሶተርን ደግሞ፣ ሲሮን የተባለው ቀዝቃዛ ጅረት ከጋሮን ጋር ሲገናኝ በመከር ወራት የሚያነሣው የጧት ጉም በወይኑ ፍሬ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው የፍሬውን ውሃ መጥጦ ስኳሩን ስለሚያከማች፣ በሌላ ስፍራ ጥፋት የሚሆነው ነገር በዚህ ስፍራ ጣፋጩን ነጭ ወይን ያስገኛል።

ተማሪዋ፦ በሽታውስ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ መልካም ፍሬ አፍርቷልን?

መምህሩ፦ አላፈራም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከሰሜን አሜሪካ የገባው ፊሎክሴራ የተባለ ትንሽ ነፍሳት የወይኑን ሥር እየበላ የፈረንሳይን እርሻ ሊያጠፋው ደርሶ ነበር፤ መድኃኒቱም ከዚያው ከአሜሪካ ተገኘ፤ ነፍሳቱን በሚቋቋመው የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ እየቆረጡ ማጋጠም ተጀመረ። ዛሬ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ የቀይ ወይን ጠጪው ቁጥር በመቀነሱ ከ2023 ወዲህ በመንግሥት ድጋፍ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር የወይን ተክል በቦርዶ አካባቢ ተነቅሏል። በየመንገዱ ባዶ የሆነውን ማሳ የሚያይ ጎብኚ የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዘመን ድካም እንደ ተነቀለ ማሰብ ይገባዋል።

ተማሪዋ፦ የቦርዶ ወይን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራልን?

መምህሩ፦ በቅርብ ዘመን አለ። በ1949 በቦርዶ የተመሠረተው ካስቴል የተባለው የወይን ድርጅት በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ወይን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አውጥቷል፤ ከተተከሉትም ዓይነቶች መካከል በቦርዶ የሚታወቁት ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ይገኙበታል።

ተማሪዋ፦ በቦርዶ ከተማ በወንዙ ዳር የተሰለፉት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃዎች በውበታቸው የታወቁ ናቸው። እነርሱንም ያሠራቸው የወይን ገንዘብ ነው ማለት ይቻላልን?

መምህሩ፦ የወይን ገንዘብ ብቻ ነው ቢባል ሐሰት ይሆናል። በዚያ ዘመን የቦርዶ መርከቦች ወይንና ዱቄት ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወስደው ስኳርና ቡና ይመልሱ ነበር፤ ያንን ስኳርና ቡና ያመርቱ የነበሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። ከዚህም በላይ የከተማዋ ነጋዴዎች ራሳቸው መርከብ እየላኩ ከ100,000 በላይ አፍሪካውያንን ከወገናቸው ለይተው አሻግረዋል። ከተማዋ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ኖራ፣ በ2009 በአኪቴን ሙዚየም ስለ ባሪያ ንግድ ቋሚ ትርኢት ከፍታለች። በ2007 የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበውን የወንዝ ዳር ሰልፍ የሚያደንቅ ሰው፣ ይልቁንም አፍሪካዊ የሆነ፣ ይህን ሙዚየም ሳያይ ከተማዋን አይቻለሁ ሊል አይገባውም።

ተማሪዋ፦ በሳንቴሚልዮን መንደር ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ይነገራል። ከላሊበላ ጋር ማነጻጸር ይቻላልን?

መምህሩ፦ በአሠራሩ ማነጻጸር ይቻላል፤ በታሪክ ግን የሚያገናኛቸው የታወቀ ነገር የለም። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያው ሁሉ ከዐለቱ ተለይቶ፣ ጣሪያውና ውጫዊ ግድግዳው ተጠርቦ እንደ ሕንፃ የቆመ ነው፤ የሳንቴሚልዮኑ ግን በኮረብታው ሆድ ውስጥ ስለ ተፈለፈለ ውስጥ ብቻ እንጂ ውጭ የለውም ሊባል ይችላል፤ በላዩም የደወል ማማ ተሠርቶበታል። የመንደሩ ቤቶች የተገነቡበት የኖራ ድንጋይ ከዚያው ከሥሩ እየተቆረጠ ስለ ወጣ፣ ባዶ የቀረው ዋሻ ለወይን ማስቀመጫነት ውሏል። መንደሩና በዙሪያው ያለው የወይን እርሻ በ1999 የዓለም ቅርስ ሆነዋል።

ተማሪዋ፦ እውነተኛዎቹ ምሽጎችስ የት ይገኛሉ?

መምህሩ፦ በዶርዶኝ ወንዝ ላይኛው ክፍል። በዚያ ቤናክና ካስቴልኖ የተባሉ ሁለት ምሽጎች በወንዙ ግራና ቀኝ ተፋጥጠው ይታያሉ፤ በመቶ ዓመቱ ጦርነት ቤናክ የፈረንሳዩን፣ ካስቴልኖ የእንግሊዙን ወገን ይዘው ነበር። ነገር ግን ከምሽጎቹ ሁሉ ይልቅ በካስቲዮን አጠገብ የቆመ አንድ ተራ ክብ ማማ ሊጎበኝ ይገባዋል። ሚሼል ደ ሞንቴኝ፣ ከ1533 እስከ 1592 የኖረውና የቦርዶ ከንቲባ የነበረው ጸሐፊ፣ መጻሕፍቱን ሰብስቦ የጻፈው በዚህ ማማ ነው። ዋናው ቤት በ1885 ቢቃጠልም ማማው ተርፏል፤ በጣሪያው ወራጆች ላይ ባለቤቱ ያጻፋቸው የግሪክኛና የላቲን ጥቅሶች እስካሁን ይነበባሉ። የሰው አእምሮ በግድግዳና በጣሪያ ላይ ተጽፎ የሚገኝበት ቤት በዓለም ብዙ አይደለም።

ተማሪዋ፦ ወደ ባሕሩ ሲመለሱ፣ ከዢሮንድ አፍ እስከ ስፔን ወሰን ያለው ዳርቻ ምን ይመስላል?

መምህሩ፦ አብዛኛው ቀጥ ብሎ የተዘረጋ አሸዋ ነው። በአርካሾን አጠገብ ያለው የፒላ የአሸዋ ክምር ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ነፋስ እየገፋው በየዓመቱ በጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከበስተ ኋላው ያለው ላንድ የተባለው ሜዳ፣ ቀድሞ እረኞች በረጅም የእንጨት እግር ቆመው በጎቻቸውን የሚጠብቁበት ረግረግ ሲሆን፣ በ1857 የወጣው ሕግ ውሃው እንዲጠነፈፍና ፓይን የተባለው ዛፍ እንዲተከል ስላስገደደ፣ ዛሬ 1 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆን ሰው ሠራሽ ደን ሆኗል። በሐምሌ 2022 ከ20,000 ሄክታር በላይ በእሳት ተበልቷል። ከዚህ በኋላ አሸዋው አልቆ ገደል ይጀምራል፤ ያም የባስክ አገር ነው። ባስኮች በፒሬኔ ተራሮች ግራና ቀኝ የሚኖሩ፣ ቋንቋቸው ዛሬ ከሚነገሩት ቋንቋዎች ከአንዱም ጋር ዝምድናው ያልታወቀ ሕዝብ ናቸው። በገደሉ ጫፍ፣ ቢዳሶዋ የተባለው ወንዝ ፈረንሳይን ከስፔን በሚለይበት በአንዳይ ከተማ፣ ለአማርኛ አንባቢ ከክልሉ ግንቦች ሁሉ የሚቀርበው አባዲያ ይገኛል።

ተማሪዋ፦ ቅርበቱ በምንድን ነው?

መምህሩ፦ በባለቤቱና በፊደሉ። አንቷን ዳባዲ በ1810 ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በደብሊን ተወለደ። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ደርሶ እስከ 1840ዎቹ ማብቂያ ድረስ በኢትዮጵያ ሲዘዋወር፣ ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ ሦስት ማዕዘን በመሥራት ርቀትና ከፍታን በሚያስገኘው የመሬት ልኬት ዘዴ ከምጽዋ እስከ ከፋ ያለውን አገር ለካ። ልኬቱን በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1881 ደግሞ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላቱን አወጣ። የነጭ ዓባይን ምንጭ በግቤ አካባቢ አገኘሁ ማለቱ ግን ስሕተት ነበር።

ተማሪዋ፦ ይህ ሰው የብራና መጻሕፍትንም ይዞ እንደ ሄደ ይታወቃል። ግንቡን ማድነቅ ያንን መርሳት አይሆንምን?

መምህሩ፦ መርሳት አይገባም። ከኢትዮጵያ ያወጣቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተመድበው ይገኛሉ፤ እርሱም ራሱ በ1859 ዝርዝራቸውን አሳትሟል። ዝርዝሩ ለግእዝ ጥናት ጠቅሟል፤ መጻሕፍቱን ግን የጻፏቸው ደብተራዎች ልጆች ሊያዩአቸው ባሕር መሻገር አለባቸው። ሁለቱም እውነት ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ተማሪዋ፦ ሕንፃውን የነደፈው ማን ነው?

መምህሩ፦ የፓሪሱን የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ያደሰው ቪዮሌ-ለ-ዱክ ነድፎት፣ ኤድሞን ዱትዋ ሥራውን እየመራ ከ1864 እስከ 1879 ተሠርቷል። በመካከለኛው ዘመን የጎቲክ ግንብ አምሳል ይሠራ እንጂ በውጭ ግድግዳው ላይ አዞ፣ ዝሆን፣ ዝንጀሮና እባብ ተቀርጸውበታል። መኖሪያ፣ የጸሎት ቤትና የከዋክብት መመልከቻ ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በደረጃው ዙሪያ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ፤ በደረጃው ሥር መብራት ይዞ የቆመው ሐውልት አብዱላህ የሚባለው ከኢትዮጵያ የመጣ ወጣት ነው። ያ ወጣት መብራት ተሸካሚ ሆኖ መቀረጹ ጎብኚውን ሊያሳዝነው ይችላል፤ ማዘኑም ተገቢ ነው። ዳባዲ ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ለመመርመር፣ ላ ሩን የተባለው ተራራ ጫፍ እንዲታይ የግንቡን ግድግዳዎች በቀጥታ መስመር አስበስቶ ነበር፤ ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር አለማየቱንና አለመማሩን በባስክኛ በድንጋይ ላይ አጻፈ። ውድቀቱን በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚቀርጽ ሊቅ ክብር ይገባዋል።

ተማሪዋ፦ ግንቡ ዛሬ የማን ነው? አማርኛውስ የት ይነበባል?

መምህሩ፦ ዳባዲ በ1897 ሲሞት ንብረቱ በኑዛዜው ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ተላለፈ፤ የከዋክብት መመልከቻው እስከ 1975 ሠርቷል፤ እርሱና ባለቤቱ ቪርዢኒ በግንቡ የጸሎት ቤት ተቀብረዋል። ከቦርዶ የሚነሣው ባቡር ባዮንንና ቢያሪትዝን አልፎ አንዳይ ድረስ ስለሚያደርስ መንገዱ ቀላል ነው፤ ግንቡም ለጎብኚ ክፍት ነው። አማርኛው የሚነበበው በምግብ አዳራሹ ነው። በገበታው ዙሪያ ባሉት ወንበሮች መደገፊያ ላይ በእያንዳንዱ አንድ ፊደል ተቀርጿል፤ ወንበሮቹ በተራቸው ሲደረደሩ ፊደሎቹ ተገጣጥመው በዚያ ገበታ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይኖር እግዚአብሔርን የሚለምን ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ። ወደዚያ የሚገባው ጎብኚ ብዙው ትርጉሙን ከአስጎብኚው አፍ ይጠብቃል፤ የአማርኛ አንባቢ ግን ማንንም ሳይጠብቅ፣ ከወንበር ወደ ወንበር እየሄደ፣ ፊደሉን በራሱ ዓይን ያንብብ።